ከቱም እስከ ዋልያ ስንት ክለብ አለ?

ይህ ወግ ቱም ላይ፣ ከአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ብዙ በማይርቅ አንድ ቡና ቤት በረንዳ የተያዘ ነው። «ጋሼ» በወጣትነታቸው የበበቃ ቡና እርሻ የመጋዘን ሠራተኛ፣ የሠራተኞቹም ቡድን የግራ ተከላካይ የነበሩ ሰው ናቸው። «አሠልጣኙ» ሒሳብ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ የከተማዋን ታዳጊዎች ያለ ደመወዝ ያሠለጥናል። «እትዬ» የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጀበናው ፋታ ሲሰጣቸው ጨዋታው ውስጥ ይገባሉ።

ጋሼ፦ ያ በግራ እግሩ ብቻ ታኬታ ያጠለቀው ልጅ የማን ነው?

አሠልጣኙ፦ የቀኙን ያ ማዶ ያለው ጓደኛው አድርጎታል። አንድ ጥንድ ለሁለት ተካፍለው ነው። ይሄ ግራኝ፣ ያኛው ቀኝ፤ ስለዚህ ጠብ የለም።

ጋሼ፦ ባዶው እግርስ?

አሠልጣኙ፦ ካልሲ ደራርበው በላስቲክ ያስሩታል። ሲዘንብ ያንሸራትታል እንጂ በደረቅ ሜዳ ምንም አይል። እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ሚዛን ከተማ ልወስደው ያሰብኩት እሱን ነው። አንድ ክለብ ታዳጊ እያየ ነው ብለውኛል።

ጋሼ፦ በአንድ እግር ታኬታ?

አሠልጣኙ፦ የሰው ተውሼለታለሁ። ቁጥሩ ትንሽ ይሰፋዋል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ሄደ እንበል። ከዚያስ?

አሠልጣኙ፦ ከዚያማ እግዜር ያውቃል፤ አንድ ቀን የዋልያን ማሊያ ይለብሳል።

ጋሼ፦ እየውልህ፣ የማንግባባው እዚህ ላይ ነው። አንተ ከዚህ ሜዳ ተነስተህ በአንድ ዝላይ ብሔራዊ ቡድን ትገባለህ። ለብሔራዊ ቡድን ሰፈር አይልክም፣ ወረዳም አይልክም፤ የሚልከው ክለብ ነው። አሠልጣኙ የተመረጡትን ስም ሲያነብ ከስማቸው አጠገብ ምን ይላል? የተወለዱበትን ቀበሌ? ክለባቸውን ነው የሚለው!

አሠልጣኙ፦ እሱስ ልክ ነዎት። ግን ልጁ ጎበዝ ከሆነ ክለቡ ፈልጎት ይመጣል።

ጋሼ፦ በባቹማ በጀሙ አድርጎ፣ ያን መንገድ አቋርጦ ቱም ድረስ? የትኛው መልማይ ነው የሚመጣው? ይልቅ ታሪኩን ልንገርህ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ምን ሆነ?

አሠልጣኙ፦ የአፍሪካ ዋንጫን በላን። ግብፅን 4 ለ 2፣ በተጨማሪ ሰዓት። ይሄን የማያውቅ የለም ጋሼ።

ጋሼ፦ ጎሉን የማያውቅ የለም። እስቲ ጎል ያገቡትን ጥራልኝ።

አሠልጣኙ፦ በዳዊ ለግብፅ አገባ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። በዳዊ ወዲያው ደገመ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ መዝጊያው ላይ መንግሥቱ ወርቁ።

ጋሼ፦ በል እንግዲህ እኔ ልጠይቅህ፤ እነዚህ ሰዎች እንጀራቸውን ከየት ይበሉ ነበር? ሉቻኖ የአስመራ ልጅ ነው፣ አባቱ ጣልያን። ስሙ የገነነው ግን በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው፣ ኮተን በምንለው። ኮተን በ1950ዎቹ የሀገሪቱን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ የወሰደ ቡድን ነው። ፋብሪካ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ሠራተኛው እሑድ የሚጮኽለት ቡድን ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ደግሞ ተጫዋቹን ይቀጥራል። አምበሉ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ ሲቀበል ከኋላው አንድ የጥጥ ፋብሪካ ቆሟል ማለት ነው።

አሠልጣኙ፦ መንግሥቱ ወርቁስ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ የለው!

ጋሼ፦ ጊዮርጊስ አራዳ አለው። በ1928 የአራዳ ልጆች ሲመሠርቱት ፋብሪካ አልነበራቸውም፤ ሕዝብ ግን ነበራቸው። ሕዝብ ካለህ ፋብሪካ ባይኖርህም ትኖራለህ። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫዎች በጠቅላላው 10 ጎል ነው ያገባው። የዚያ ዘመን ሰው ያን ያህል የሚያገባው ሳምንት ሳምንት የሚጫወትበት ክለብ ስላለው ነው። ደግሞ አሠልጣኛቸው ማን ነበር?

አሠልጣኙ፦ ይድነቃቸው ተሰማ።

ጋሼ፦ የት ተወለደ?

አሠልጣኙ፦ አዲስ አበባ ይመስለኛል…

ጋሼ፦ ጅማ! በ1914 ዓ.ም. ጅማ ነው የተወለደው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፤ አባትየው ያ ሸክላ ያስቀረጸው ባለቅኔ። የኛው የቡና አገር ተወላጅ ነው። ግን ለጅማ ነው የተጫወተ? ለጊዮርጊስ ነው። ከዚያ ለብሔራዊ ቡድን ተጫወተ፣ አሠለጠነ፣ ከ1964 እስካረፈበት እስከ 1979 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነ። ጅማ ወለደችው፤ ማሊያውን ያለበሰው የአዲስ አበባ ክለብ ነው። እኔ የምልህ ይህንኑ ነው።

እትዬ፦ ቡናው ቀዘቀዘ እኮ። ሁለተኛው ይድገማችሁ ወይስ የቡና ቅጠል ላምጣ? ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያለበት ነው።

ጋሼ፦ ቅጠሉን አምጪልን። ይሄ ልጅ ጉሮሮው እስኪደርቅ ሊከራከረኝ ነው።

አሠልጣኙ፦ ልከራከርዎት ነው በርግጥ። የእርስዎ ወሬ ሁሉ የ50ዎቹ ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ጥር 2005፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት። የመጀመሪያው ግጥሚያ ከዛምቢያ፣ ከዋንጫው ባለቤት ጋር ነበር። ሳላዲን ሰኢድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ፤ በ10 ሰው ቀረን። ዛምቢያም አገባች። አለቀ ስንል አዳነ ግርማ ሰንጥቆ ገብቶ አቻ አደረገን።

ጋሼ፦ ቀኑን አስተውለሃል?

አሠልጣኙ፦ የቱን ቀን?

ጋሼ፦ ከዛምቢያ የተጫወቱበትን። ጥር 13። የ1954ቱ ዋንጫ የተበላበት ቀን ነው፤ ልክ በ51 ዓመቱ። በሬዲዮ ይሄን ያነሳ ሰው ስላልሰማሁ ይቆጨኛል። በል ቀጥል፣ አዳነ ግርማ አልክ።

አሠልጣኙ፦ አዳነ የአዋሳ ልጅ ነው፣ ሽመልስ በቀለም እንደዚያው። ጌታነህ ከበደ ከዲላ ነው። ኡመድ ኡክሪ ደግሞ ከጋምቤላ፤ በመከላከያና በጊዮርጊስ አልፎ እስከ ግብፅ ሊግ የዘለቀ። እነዚህ ሁሉ የአራዳ ልጆች አይደሉም። ከዳር የመጡ ናቸው። ጋምቤላ ከመጣ ቱም የማይመጣበት ምን ምክንያት አለ?

ጋሼ፦ አንተው ራስህ መለስከው እኮ! አዋሳ ማን አለ? ሀዋሳ ከተማ። በ1996 እና በ1999 ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። አዳነም ሽመልስም ጊዮርጊስ ከመግባታቸው በፊት በደጃቸው ያለ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ተጫውተዋል። ልጁ ከቤቱ ምሳ በልቶ ልምምድ ይሄዳል። የኡመድ ግን ተመልከት፤ የጋምቤላ ልጅ ሆኖ ለመታየት መከላከያ መግባት ነበረበት። ሀገሩን ጥሎ ካልሄደ ማንም አያየውም ነበር።

አሠልጣኙ፦ ጋቶች ፓኖምም እንደዚያው ነው። ከጋምቤላ ተነስቶ ኢትዮጵያ ቡና ገባ፤ ከቡና ለዋልያ ተመረጠ፤ በ2009 ደግሞ ሩሲያ፣ አንዢ ማካችካላ ፈረመ። እንግዲህ ቡና አስቦበት ነው ይዞት የወጣ።

ጋሼ፦ አየህ፣ ቡና አልክ። አሁን ወደ ልቤ ገባህ። ኢትዮጵያ ቡና እንዴት እንደተመሠረተ ታውቃለህ? በ1968፣ ቡና ገበያ እየተባለ። አዲስ አበባ ላይ ቡና የሚያበጥሩ፣ የሚለቅሙ፣ መጋዘን የሚጭኑ ሠራተኞች ቡድን ነው። የሚያበጥሩት ቡና ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከሊሙ፣ ከካፋ፣ ከቴፒ፣ ከበበቃ። እኔ በእጄ መዝኜ ጆንያውን ሰፍቼ የላክኩት ሁሉ እዚያ ይራገፋል። ቡናው ከዚህ ይሄዳል፤ ልጁ ግን አይሄድም። ክለቡ የተሠራው በኛ ቡና ነው፤ ሜዳው ግን አዲስ አበባ ነው።

አሠልጣኙ፦ ታዲያ በዚህ ቡናን ይወቅሱታል?

ጋሼ፦ ምን ሆኜ! እኔ ቡናማ ነኝ። በ2003 ውበቱ አባተ ይዞት ሻምፒዮን ሲሆን ሌሊቱን አልተኛሁም። ያው ውበቱ ነው ኋላ ዋልያን ካሜሩን የወሰደው። እኔ የምለው ቡና የሚለቀምበት አገር የራሱ ቡድን ቢኖረው ነው።

አሠልጣኙ፦ ነበረው እኮ! ቤንች ማጂ ቡና ከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል። ካፋ ቡናም አለ። ጅማ አባ ቡና ፕሪሚየር ሊግ ድረስ ወጥቶ ወርዷል። ሁሉም ስሙን ከቡና ወሰደ፤ ገንዘቡን ግን ከመንግሥት በጀት ነው የሚወስደው። ከዞን፣ ከከተማ አስተዳደር። እንዳሉት የፋብሪካ ሠራተኛ የለበትም። በጀቱ ሲዘገይ ተጫዋቹ ሁለት ወር ደመወዝ ሳያይ ይጫወታል፣ ከንቲባው ሲቀየር አሠልጣኙ ይቀየራል። ደግሞ አንዱን ልንገርዎት ጋሼ፤ ክለብ ያለው ሁሉ ለዋልያ ይልካል ማለትም ውሸት ነው።

ጋሼ፦ እንዴት?

አሠልጣኙ፦ ጅማ አባ ጅፋር። በ2010 ገና ከከፍተኛ ሊግ በወጣበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በላ። ጅማ እንደዚያ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም። ግን የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ማን ነበር? ኦኪኪ አፎላቢ፣ ናይጄሪያዊ። 23 ጎል ያገባው እሱ ነው። በረኛው ጋናዊ። እኔ በእነሱ አልቀናም፤ ሠርተው በልተዋል። ግን የጅማ ሰፈር ልጅ ከዚያ ዋንጫ ምን አገኘ? በአራት ዓመት ውስጥ ክለቡም ወረደ። ክለብ ማለት ልጅ የሚያወጣ ሳይሆን ያለቀለት ተጫዋች የሚገዛ ከሆነ ቱም ላይ ቢመሠረትም ያ ግራኝ ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያየው።

ጋሼ፦ እሱ እውነት ነው። እሱን አልክድም።

እትዬ፦ ጉድ! ጋሼ አልክድም አሉ። ቀኑን ጻፉልኝ።

ጋሼ፦ አንቺ ደግሞ ቅጠልሽን ቅጂ። እሺ መምህር፣ የገዛውን ገዝቷል። ግን ግዢውም ቢሆን ከተማዋን አላስጠራም? ወልቂጤን ውሰድ። ወልቂጤ ምን አላት? ከአዲስ አበባ ጅማ ስትሄድ ምሳ የምትበላባት ከተማ ናት። በ2014 ካሜሩን ላይ ከቡርኪና ፋሶ አንድ ለአንድ ስንወጣ ፍፁም ቅጣቷን ያገባው ጌታነህ ከበደ ያኔ የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ነበር። በዓለም መዝገብ ላይ «ጌታነህ ከበደ፣ ወልቂጤ ከተማ» ተብሎ ተጽፏል። አያስቀናም?

አሠልጣኙ፦ ያስቀናል። ዳዋ ሆቴሳም በዚያው ዋንጫ ካሜሩን ላይ ገና በአራተኛው ደቂቃ በጭንቅላት ሲያገባ የአዳማ ተጫዋች ነበር፤ በኋላ አራት ቢያገቡብንም። ግን የወልቂጤ ክለብ ዛሬ የት አለ? ከፕሪሚየር ሊጉ ወጥቷል። ደደቢትስ? የ2005ቱ ዋልያ ግማሹ ከጊዮርጊስና ከደደቢት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያንኑ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2011 ወረደ፣ ከዚያ ተበተነ። ኮተንም ቢሆን ዛሬ ለወሬ ነው የሚነሳ። ማሊያውን የለበሰው ሰው መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ያለበሰው ክለብ ይጠፋል። ሌላ አገር እንዲህ አይደለም።

ጋሼ፦ ሌላ አገር እንዴት ነው?

አሠልጣኙ፦ እንግሊዞች ከ1886 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምረው ለሀገሩ ለተሰለፈ ተጫዋች ኮፍያ ይሰጣሉ፤ ዘርፍ ያለው፣ ሐር የመሰለ። ክለቦቻቸው ደግሞ በታሪካቸው ለየትኛውም አገር የተሰለፉ ተጫዋቾቻቸውን ስም ከነግጥሚያው ብዛት ይዘው ያኖራሉ። ሦስተኛ ዲቪዚዮን ያለ ክለብ ሳይቀር በ1920ዎቹ የተጫወተ ሰው ስም ግድግዳ ላይ አለው። ለነሱ አንድ ሰው ለሀገሩ ሲሰለፍ የክለቡም ክብር ነው።

ጋሼ፦ እኛ ዘንድስ ማን ቆጠረ? ሚዛን ላይ አንድ ሰውዬ አውቃለሁ፤ ጠላ ሲቀምስ «ለብሔራዊ ቡድን ተጫውቻለሁ» ይላል። ስትጠይቀው ተጠርቶ ሁለት ሳምንት ካምፕ ገብቶ ተመልሷል።

አሠልጣኙ፦ እሱ አይቆጠርም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ 90 ደቂቃ ቢጨርስም አይቆጠርም። ሜዳ መግባት አለበት፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ተጋጣሚውም የሌላ አገር ዋና ብሔራዊ ቡድን መሆን አለበት፤ ከክለብ ጋር የተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ አይገባም። ደግሞ መዝገቡ ቀልድ አይደለም፤ በ2005 ያየነውን ረሱ?

ጋሼ፦ የቢጫውን?

አሠልጣኙ፦ የቢጫውን። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ሁለት ቢጫ የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰለፈ። ማንም አልቆጠረም። ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰብን። ያውም ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን ጨርሰናል ብለን በጨፈርንበት ሰሞን ነው። መጨረሻ ላይ ምድቡን አልፈን ናይጄሪያ ነው የጣለችን፤ ግን ያቺ ወረቀት ልታስቀረን ነበር። እኔ ለዚህ ነው ደብተር የምይዘው።

ጋሼ፦ ምን ደብተር?

አሠልጣኙ፦ የልጆቹን። ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የሚመታበት እግር፣ የተጫወተው ግጥሚያ። ይኸው። ይሄ ግራኙ ነው፤ የካቲት 2001።

ጋሼ፦ ዕድሜውን በትክክል ነው የጻፍከው?

አሠልጣኙ፦ ከክርስትና ወረቀቱ ላይ ነው የገለበጥኩት።

ጋሼ፦ ስማ፣ እዚህ ላይ ሐቅህ ሊጎዳህ ነው። ሚዛን የሚመጡት ልጆች ሁሉ ሦስት ዓመት ቀንሰው ነው የሚመጡት። 17 ነኝ የሚለውን አንተ ጢሙን ስታየው ታውቀዋለህ።

አሠልጣኙ፦ ይቀንሱ። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑት የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማንሳት ከጀመረ ቆይቷል። አጥንት አይዋሽም። ልጁ ዕድሜው ተቀንሶ ክለብ ይገባል፣ ከዚያ ለታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ይጠራል፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ይወድቃል። ያኔ የዋልያ ማሊያ ሊደርስለት አንድ ክንድ ሲቀር ነው የሚመለሰው። እኔ ከዚህ ስልክ ዕድሜው የተቀነሰ ልጅ አልልክም።

ጋሼ፦ እንግዲህ ልጁ ባይመረጥም በሐቅህ ነው።

አሠልጣኙ፦ ደግሞ ልብ ይበሉ፣ በእርስዎ ዘመን ያልነበረ አንድ በር ተከፍቷል። ቻን። በየሀገሩ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሳተፉበት የአፍሪካ ውድድር ነው። እኛ ሦስት ጊዜ ገብተናል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ሩዋንዳ፣ አልጄሪያ። እዚያ ለመሰለፍ ግብፅ ወይ ሩሲያ መሄድ የለበትም፤ የሀገር ውስጥ ክለብ ይበቃል።

ጋሼ፦ ይኸው! ክለብ ይበቃል አልክ። ክለብ ግን ያስፈልጋል። ተመልሰህ እኔ ጋ መጣህ።

አሠልጣኙ፦ ጋሼ፣ አልመጣሁም። ክለብና ክለብ ይለያያል ነው የምለው። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት፣ ከሩቅ። ቴዎዶር ገብረሥላሴ የሚባል አለ፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ። ሊቤሬትስ በምትባል ከተማ፣ ስሎቫን ሊቤሬትስ ለሚባል ክለብ ተጫወተ። መቶ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ፕራግ አይደለችም። በ2012 በእነሱ አቆጣጠር ከክለቡ ጋር የሀገሪቱን ሊግ በላ፤ በዚያው ክረምት ለቼክ ብሔራዊ ቡድን በአውሮፓ ዋንጫ ተሰለፈ፤ ወዲያው ጀርመን፣ ቬርደር ብሬመን ወሰደው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን ክለቡ የታዳጊ ማሠልጠኛ አለው፣ ሜዳ አለው፣ አሠልጣኝ በደመወዝ ይቀጥራል። ከንቲባ ሲቀየር አይፈርስም። እኔ የምፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው።

ጋሼ፦ እኔም እኮ እንደዚያ ያለውን አልፈልግም አላልኩህም። በደርግ ጊዜ በበቃ ላይ እኛ ማን አሠልጣኝ ነበረን? የትራክተር መካኒኩ ነበር። ግን እሑድ ሲሆን ሠራተኛው ሁሉ ሜዳ ነው። ታኅሣሥ 1980 የሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከዚምባብዌ። ሬዲዮኑን ጆንያ ቁልል ላይ አስቀምጠን፣ ደምሴ ዳምጤ ነው የሚያስተላልፈው። ፍፁም ቅጣት ምት ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ነበር፤ ሲዘል ሚዛኑ ተሰበረ። ከደመወዛችን ተቆረጠ፣ ማንም አላጉረመረመም። ዋንጫ በላን እኮ! ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ የሚመጣው ሰው እጥፍ ሆነ። ይኸውልህ፣ አንዱ ለሀገሩ ሲሰለፍ ሌላው ኳስ ይይዛል።

አሠልጣኙ፦ እና እንደ በበቃው ይሁን ይላሉ?

ጋሼ፦ እንደሱ ይሁን አልልም፤ እሱ ዘመን አልፏል። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። እዚህ ቱም፣ ማጂ፣ ጀሙ፣ ቡና የሚሰበስብ ስንት ነጋዴ አለ? ሰብሳቢው አለ፣ አቅራቢው አለ፣ ሳይት ያለው አለ። ከአንድ ኩንታል አንድ ብር። ለልጆቹ ብቻ፤ ለግዢ ተጫዋች አይደለም። ኮሚቴው ውስጥ ባለሥልጣን አይገባ።

አሠልጣኙ፦ አንድ ብር ማንም አይሰማውም። ግን ሲሰበሰብ ማን ይይዘዋል? እዚህ ላይ ነው ሁሌ የሚፈርሰው።

ጋሼ፦ አንተ ትይዘዋለህ። ደብተር አለህ አይደል!

አሠልጣኙ፦ እኔ የኳስ እንጂ የገንዘብ ደብተር አልያዝኩም። ሦስት ሰው ይያዘው፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ወላጅ፣ አንዱ መምህር። እኔ ግን አልሆንም፤ ለልጅ ታኬታ የገዛ አሠልጣኝ ነገ ለራሱ ሞተር ገዛ ይባላል።

እትዬ፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ሁሉ ለወንዶቹ ነው?

አሠልጣኙ፦ የሚዛኑ ሙከራ ለወንዶች ነው እትዬ።

እትዬ፦ ስለሚዛኑ አልጠየቅኩም። ይህ ከኩንታሉ የሚቆረጠው ለማን ነው? የኔ ልጅ ስትመታ አይታችኋታል። ያቺ ሎዛ የምትባለው ከየት መጣች? እሷም ከገጠር ናት ይላሉ።

አሠልጣኙ፦ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ናት። ሀዋሳ ተጫወተች፣ ደደቢት ተጫወተች፣ ስዊድን ሄደች፣ ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ጎል በጎል አደረገቻቸው፤ ተመልሳም ንግድ ባንክ ገባች። ሉሲዎቹ፣ የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን፣ በ1997 መግቢያ ላይ በሴቶች አፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል፤ ወንዶቹ ከ1960 ወዲህ ያን ያህል አልሄዱም።

እትዬ፦ እና?

ጋሼ፦ እናማ እኩል ይከፈላል። ክርክር የለውም።

አሠልጣኙ፦ የሴቶቹ ክለብ ጥያቄ እንዲያውም ይከብዳል። ንግድ ባንክ እስኪደርሱ ድረስ በመሐል ያለው ባዶ ነው። ወንዱ ቢያንስ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ የሚባል ደረጃ አለው። እዚህ አካባቢ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ጨዋታ በኋላ የምትሄድበት የለም፤ ወይ ትታው ትቀራለች፣ ወይ አዲስ አበባ ዘመድ ይፈለግላታል።

እትዬ፦ አዲስ አበባ ዘመድ የለኝም።

ጋሼ፦ ስለዚህ ከዚህ መጀመር አለበት። ማክሰኞ ገበያ ላይ አቅራቢዎቹን እኔ አናግራለሁ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው በኳስ ያበደ ነው፣ ሌላኛው ደግሞ እሱ ካዋጣ እያፈረ ያዋጣል። መምህር፣ አንተ የልጆቹን ስም ዝርዝር ገልብጠህ ስጠኝ፤ የሴቶቹንም። ባዶ እጄን አልሄድም።

አሠልጣኙ፦ ቅዳሜ ከሚዛን ስመለስ።

ጋሼ፦ ከመሄድህ በፊት! ከተመለስክ በኋላ ልጁ ካልተመረጠ አኩርፈህ አትጽፈውም። አውቅሃለሁ።

እትዬ፦ እኔ ኩንታል የለኝም። ግን ከሲኒ ሃምሳ ሳንቲም እቆርጣለሁ፤ ሴቶቹም ካሉበት።

አሠልጣኙ፦ እትዬ፣ ሃምሳ ሳንቲም ዛሬ ማን ይይዛል? ይህማ የሲኒውን ዋጋ በአንድ ብር ልጨምር ማለት ነው።

እትዬ፦ ጨምሬያለሁ እኮ። ዛሬ የጠጣችሁትም በአዲሱ ዋጋ ነው። ጋሼ ሦስት፣ አንተ ሁለት፣ ቅጠሉ ለብቻው።